ይድነቃቸው ተሰማ፦ በተከፋፈለ ሜዳ አንጫወትም ያሉ ሰው

በዚህ ዓምድ የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ስናቀርብ ብዙውን ጊዜ ከቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ እጃችን የገባውን አንሥተን ነው። የዛሬው ግን እንደዚያ አይደለም። የዛሬውን ሰው የመረጠልን ራሱ የኳስ ሜዳችን ነው።

ባለፈው ወር በሜዳችን ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ በቦታው ያልነበረ እንኳ በምግብ አዳራሽ ሰልፍ ላይ ወሬውን ሰምቶታል። ለወዳጅነት ተብሎ የተጀመረ ግጥሚያ፣ ቡድኖቹ በየትውልድ አካባቢያቸው ተቧድነው ስለ ነበር፣ ከዕረፍት በፊት ስድብ፣ ከዕረፍት በኋላ ደግሞ ግፊያ ሆነ። ዳኛው ፊሽካውን ነፍቶ ጨዋታውን አቋረጠ። የስፖርት መምህራችንም ኳሷን በብብታቸው ይዘው ዕቃ ግምጃ ቤት ከተቱና ቆለፉባት፤ ቁልፉ እስከ ዛሬ እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው። እኛም ይህን የምንጽፈው ንጹሓን ሆነን አይደለም። ከሜዳው ዳር ቆመው ሲጮኹ ከነበሩት መካከል ነን።

ስፖርት ሕዝብን አንድ ያደርጋል ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል፤ በፈተና ወረቀት ላይም ጽፈን ማርክ አግኝተንበታል። በሜዳችን ያየነው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። ታዲያ የቱ ነው እውነቱ? ይህን ጥያቄ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠይቁና በሥራ ሲመልሱ የኖሩ አንድ ኢትዮጵያዊ አሉ፤ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ። የሕይወታቸውን ታሪክ በአጭሩ ለማቅረብ እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በሀገራችን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናሳስባለን።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት በ1914 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን፣ በዕለተ እንቁጣጣሽ፣ በጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በቅኔያቸውና በድምፃቸው የታወቁ፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ወደ ጀርመን ሀገር ተልከው የአማርኛ ዘፈኖችን ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ናቸው። አባት በድምፅ የታወቁትን ያህል ልጅ በእግር ታወቁ ብንል ማጋነን አይሆንም። ሆኖም በመጨረሻ የልጅየውም መሣሪያ ቃል ነበር፤ በየጉባኤው ቆመው የሚናገሩት ቃል።

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ድንበራችንን ጥሶ በገባበት ወቅት፣ በታኅሣሥ ወር፣ በአዲስ አበባ አራዳ አካባቢ አንድ የኳስ ቡድን ተቋቋመ። መሥራቾቹ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ወጣቶች ሲሆኑ ቡድኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ ተባለ። ይድነቃቸው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ከዚሁ ቡድን ጋር መጫወት ጀመሩ። ጊዜውን እስቲ አስቡት! አገር በጦርነት ላይ ነች፤ ጥቂት ወራት ቆይቶም ከተማዋ በጠላት እጅ ወደቀች፤ እነዚህ ልጆች ግን ኳስ አልጣሉም።

ወራሪው ኃይል ከተማውን በዘር ከፋፈለ። የነጩ መኖሪያ ለብቻ፣ የጥቁሩ ለብቻ ሆነ። ኳሱም እንዲሁ ተከፈለ፤ ሀበሻ ከሀበሻ ጋር፣ ጣሊያን ከጣሊያን ጋር። ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙን ተቀምቶ ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር የሚል የባዕድ ስም ተለጠፈበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። አንድ ጦር ያህል ነገር ይዞ የመጣ ገዥ የጥቂት ልጆችን የኳስ ቡድን ስም ለመለወጥ ለምን ተጨነቀ? ምልክት ኃይል እንዳለው ስላወቀ ነዋ! ስም፣ ቀለም፣ ማልያ፣ ሰንደቅ ዓላማ ጨርቅና ፊደል ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ማንም አይፈራቸውም ነበር። ሕዝቡም ይህን ስላወቀ ቡድኑን በልቡ በቀድሞ ስሙ እየጠራ አቆየው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም ከስፖርት ክለብነት ያለፈ የሀገር ፍቅር ምልክት ሆነ።

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ተመለሰ፤ ክለቡም ስሙን አስመለሰ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው የክለቦች ሻምፒዮና ሲዘጋጅ የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ነበሩ፦ ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን፣ ፎርቲቱዶ የጣሊያኖች፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች፣ አምስተኛው ደግሞ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። አሸናፊው የእንግሊዞቹ ቡድን ሆነ። እንግዲህ ይህንንም ልብ በሉ፤ አንድ ከተማ ውስጥ አምስት ቡድን፣ አምስቱም በየወገኑ! እኛ ባለፈው ወር ያደረግነው እኮ አዲስ ነገር አይደለም። ልዩነቱ እነሱ ሜዳውን በየወገን ከመከፋፈል ጀምረው ቀስ በቀስ ወደ አንድነት መሄዳቸው፣ እኛ ግን ከአንድነት ጀምረን ወደ መከፋፈል መሄዳችን ነው። ከዚያ ወዲህ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስና የፋብሪካ ቡድኖች ተጨመሩ፤ ከአስመራና ከድሬዳዋም ብርቱ ቡድኖች መጡ። ሰው በትውልዱ ሳይሆን በሥራ ባልደረባነቱና በችሎታው የሚሰለፍበት ሜዳ በዚህ ሁኔታ ተዘጋጀ።

አቶ ይድነቃቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫወቱ። በ365 ጨዋታዎች 318 ግቦችን አስቆጥረዋል። ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ከጨዋታ የተገለሉት በ1950 ዓ.ም. ነው። ይህ ብቻውን የአንድን ሰው ስም ለማስጠራት በቂ ነበር። እሳቸው ግን ገና ማልያቸውን ሳያወልቁ የፌዴሬሽን ሥራ፣ የደንብ ዝግጅት፣ የውድድር ማደራጀት ውስጥ ገብተው ነበር። ብዙ ተጫዋች ጫማውን ሲሰቅል ታሪኩ ያበቃል፤ የአቶ ይድነቃቸው ታሪክ ግን ትልቁ ክፍል የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በ1949 ዓ.ም. የካቲት ወር በካርቱም ከተማ የአራት ሀገሮች ተወካዮች ተሰበሰቡ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ከኢትዮጵያ በኩል ከተገኙት አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። በዚያ ስብሰባ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ዛሬ ካፍ የምንለው ድርጅት፣ ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው ተዘጋጀ። እጣው ኢትዮጵያን ከደቡብ አፍሪካ ጋር አገናኘ። ነገር ግን ደቡብ አፍሪካ በዚያን ጊዜ በአፓርታይድ ሥርዓት ሥር ስለ ነበረች፣ ቡድኗ ወይ ነጮች ብቻ ወይ ጥቁሮች ብቻ ይሆናል እንጂ የተቀላቀለ አይሆንም አለች።

ነገሩን በየዋህነት ለሚያይ ሰው ቀላል መፍትሔ ነበረው። ውድድሩ አዲስ ነው፤ ተሳታፊዎቹ አራት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ከጎደለ ዋንጫው ሦስት እግር ይሆናል። እስቲ ዝም ብለን እንጫወት፣ ኳስ ራሱ ያቀራርባቸዋል ሊባል ይችል ነበር። ሦስቱ ሀገሮች ግን አልተቀበሉትም። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ውጭ ሆነች። ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈችና በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ለመሸነፍ የሚያበቃ ውሳኔ ነበር ማለት ይቻላል፤ ቢሆንም በአፍሪካ እግር ኳስ ታሪክ ከዚያ የ4 ለ 0 ውጤት ይልቅ የሚታወሰው ያ እምቢታ ነው። የአፍሪካ ዋንጫ ከልደቱ ጀምሮ አንድ ሕግ ይዞ ተወለደ፦ በሩ ለሁሉም ያልተከፈተ ቡድን የማንም ሀገር ምልክት ሊሆን አይችልም።

አሁን ወደ 1954 ዓ.ም. እንለፍ። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ተዘጋጀ። የብሔራዊ ቡድናችን አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ከተማዋ ከአንድ ዓመት በፊት በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ተሞክሮባት፣ ወንድም በወንድሙ ላይ ተኩሶ፣ ብዙ ደም ፈስሶባት ነበር። ቁስሉ ገና አልጠገገም። እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው ለአንድ ማልያ አሥራ አንድ ሰው መምረጥ ያስፈለገው።

የተሰለፉትን ስም እንመልከት። በረኛው ጊላሚካኤል ተክለማርያም፤ ከዚያም አዋድ መሐመድ፣ አስመላሽ በርሄ፣ ተስፋዬ ገብረመድኅን፣ ግርማ ተክሌ፣ ጌታቸው ወልዴ፣ መንግሥቱ ወርቁ፣ ወንድማማቾቹ ኢታሎና ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ሌሎችም። ክርስቲያኑና እስላሙ፣ ከመሀል ሀገር የመጣውና ከአስመራ የመጣው አንድ ላይ ነው። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ደግሞ በአስመራ ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያን አባት የተወለደ ነው። ጣሊያን ሀገራችንን ለቆ ከወጣ ገና 20 ዓመት ቢሆነው ነው! የወራሪውን የአባት ስም የያዘ ልጅ የኢትዮጵያን ቡድን ይመራል ቢባል ያጉረመረመ ሰው እንደማይጠፋ መገመት አያዳግትም። እሱ ግን የአምበልነቱን ጨርቅ በክንዱ አስሮ ገባ።

በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸነፍን። ጥር 13 ቀን፣ ጥምቀት ካለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ከግብፅ ጋር የፍጻሜው ጨዋታ ሆነ። ግብፆች ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰዱ ናቸው። በ35ኛው ደቂቃ እነሱ አገቡ። በ74ኛው ደቂቃ አቻ ሆንን፤ ሰው ተቃቅፎ ሳይላቀቅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እንደገና ገባብን። ሰዓቱ እየሄደ ነው። በ84ኛው ደቂቃ ያ ስሙ የባዕድ ነው ሊባል የሚችለው አምበል፣ ሉቺያኖ፣ አገባና አዳነን። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ ጨመሩ፤ 4 ለ 2! ሉቺያኖ ዋንጫውን ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። በዚያች ቅጽበት ስታዲየም ውስጥ የነበረው ሕዝብ የማንን አባት ስም ይጠይቅ ነበር? የማንንም።

እዚህ ላይ ታሪኩን ጨርሰን፣ እነሆ ስፖርት አንድ አደረገን ብለን ብናበቃ ደስ ባለን። ነገር ግን መምህር ልንሆን ነውና ግማሹን ብቻ መናገር አይገባንም። በሚቀጥለው ዓመት፣ ኅዳር 1955 ዓ.ም.፣ ኤርትራን ከኢትዮጵያ ጋር ያስተሳሰረው ፌዴሬሽን ፈረሰ፤ ከዚያም ረጅም ጦርነት ተከተለ። ከዚያ ቡድን ተጫዋቾች መካከል ብዙዎቹ የመጡበት አካባቢና የተጫወቱለት ሀገር በጦር ሜዳ ተገናኙ። ሉቺያኖም ከጊዜ በኋላ ሀገሩን ለቆ በኢጣሊያ ኖረ፤ በ2015 ዓ.ም. መስከረም ወር እዚያው ዐረፈ። እንግዲህ ዋንጫ የአንድ ቀን መድኃኒት ነው። ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ከሥሩ አይነቅለውም። ከሥሩ የሚነቅለው ፍትሕ ያለበት ሕግ ነው። አቶ ይድነቃቸውም የቀረ ዕድሜያቸውን ያዋሉት ዋንጫ በመሰብሰብ ሳይሆን ሕግ በማስተካከል ነበር።

ከሁሉ በፊት የዓለም ዋንጫ ጉዳይ ነበር። እ.ኤ.አ. ለ1966 የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በአንድነት የሰጠው አንዲት ቦታ ብቻ ነበረች። የሦስት ክፍለ ዓለም ሕዝብ በአንዲት ወንበር! ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው አቶ ይድነቃቸው ተቃውሞውን መሩ፤ 15 የአፍሪካ ሀገሮችም ከማጣሪያው ወጡ። በሚቀጥለው የዓለም ዋንጫ አፍሪካ የራሷ ቦታ ተሰጣት፤ ሞሮኮም በ1962 ዓ.ም. ወደ ሜክሲኮ ሄደች። በኋላም ቦታው ሁለት ሆነ።

በ1964 ዓ.ም. አቶ ይድነቃቸው የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ሳይወርዱ እስከ ዕለተ ሞታቸው ለ15 ዓመት መሩት። በእነዚህ ዓመታት የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ከአእምሯቸው አልወጣም። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን በ1954 ዓ.ም. አገደ፤ በ1955 ዓ.ም. በፕሬዚዳንቱ በእንግሊዛዊው ስታንሊ ራውስ ግፊት እገዳውን አነሣ፤ በ1957 ዓ.ም. መጀመሪያ በቶኪዮ ጉባኤ በአፍሪካና በእስያ ድምፅ እንደገና አገደ። በ1966 ዓ.ም. ራውስ በምርጫ በብራዚላዊው ዦአው ሃቬላንዥ ሲሸነፉ የአፍሪካ ድምፅ ሚዛኑን ካጋደሉት አንዱ ነበር። በ1968 ዓ.ም. በሞንትሪያል በተደረገው ጉባኤም ደቡብ አፍሪካ ከነጭራሹ ተባረረች።

በዚያው ዓመት፣ በዚያው በሞንትሪያል ከተማ፣ የኦሎምፒክ ጨዋታ ሊጀመር ነበር። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ስለ ተጫወተ ከ20 በላይ የአፍሪካ ሀገሮች ኦሎምፒኩን ጥለው ወጡ። ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። እዚህ ላይ ልባችን ቆም ይላል። ምሩፅ ይፍጠር በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ የነሐስ ሜዳልያ አግኝቶ ነበር፤ በሞንትሪያል ወርቁን እንጠብቅ ነበር፤ ነገር ግን ሳይሮጥ ተመለሰ። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ሁለት ወርቅ ማምጣቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ ያ ዕድል ያልደረሳቸው ሌሎች ሯጮች ግን ነበሩ። አራት ዓመት ለአንድ ሯጭ ምን ማለት እንደሆነ የሮጠ ያውቀዋል። ስለዚህ እምቢ ማለት ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ውሳኔውን የወሰነው ሰው ሳይሆን ሜዳ ላይ የሚወርደው ወጣት ነው።

ስፖርትና ፖለቲካ አይደባለቁ የሚሉ ሰዎች ያን ጊዜም ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። በክፍላችንም በዚህ ላይ ስንከራከር አምሽተናል። ይሁን እንጂ በደቡብ አፍሪካ ፖለቲካውን ወደ ሜዳ ያስገቡት እነ አቶ ይድነቃቸው አልነበሩም። ማን ከማን ጋር ይጫወታል፣ ማን በየትኛው ወንበር ይቀመጣል የሚለውን አስቀድሞ የወሰነው የአፓርታይድ ሥርዓት ራሱ ነበር። እነሱ ያደረጉት ያን ሕግ አንጫወትበትም ማለት ብቻ ነው።

አቶ ይድነቃቸው በካንሰር ሕመም ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ የቡሄ ዕለት፣ ዐረፉ። በእንቁጣጣሽ ተወልደው በቡሄ አረፉ። የ66 ዓመት ልደታቸው ሊደርስ ሳምንታት ብቻ ቀርተውት ነበር። በዚያን ቀን ደቡብ አፍሪካ ከአፍሪካ ኳስ ውጭ እንደሆነች ነበር፤ ኔልሰን ማንዴላም በእስር ላይ ነበሩ። የደከሙለትን ሳያዩ ሄዱ ማለት ነው።

ማንዴላን ስናነሣ አንድ የሚገርም ግጥምጥሞሽ አለ። ያ ዋንጫ አዲስ አበባ በገባበት በ1954 ዓ.ም. ጥቂት ቀናት ቆይቶ ማንዴላ ለአፍሪካ የነጻነት ንቅናቄዎች ጉባኤ አዲስ አበባ መጥተው ነበር። በዚያው ዓመት ተመልሰው በኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ሠፈር የውትድርና ትምህርት ወሰዱ። ወደ ሀገራቸው ሲመለሱም ተያዙ። ከእስር የወጡት የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. ነው፤ አቶ ይድነቃቸው ካረፉ ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ሁሉ አይቶታል። ሰኔ 1987 ዓ.ም. የራግቢ የዓለም ዋንጫ በደቡብ አፍሪካ ተደረገ። የራግቢው ቡድን ምልክት ስፕሪንግቦክ የሚባለው የሚዳቋ ዓይነት እንስሳ ሲሆን፣ ለጥቁሩ ሕዝብ የጨቋኙ ምልክት ነበር፤ ብዙዎቹ ጥቁሮች የራሳቸው ሀገር ቡድን ሲጫወት ለባዕድ ነበር የሚጮኹት። ምልክቱ ይፋቅ የሚሉ በረቱ። ማንዴላ ግን ምልክቱ ለሁሉም ይሁን እንጂ አይፋቅ ብለው ተከራከሩ። በፍጻሜውም የአምበሉን የፍራንስዋ ፒናርን 6 ቁጥር ማልያ ለብሰው ሜዳ ገቡ። ደቡብ አፍሪካ ኒውዚላንድን፣ ያችው የሞንትሪያሉ ጠብ መነሻ የነበረችውን ኒውዚላንድን፣ 15 ለ 12 አሸነፈች። ያኔም ቢሆን በሜዳው ከተሰለፉት መካከል ነጭ ያልሆነው ቼስተር ዊሊያምስ ብቻ ነበር። ምልክቱ በአንድ ቀን ተለወጠ፤ ቡድኑን ለመለወጥ ግን ብዙ ዓመት ፈጀ።

ከሰባት ወር ገደማ በኋላ፣ ጥር 1988 ዓ.ም.፣ ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካ ዋንጫን አዘጋጀች፤ ያንኑ በካርቱም ሲጀመር የተባረረችበትን ዋንጫ። በፍጻሜው ቱኒዝያን 2 ለ 0 አሸነፈች፤ ሁለቱንም ግቦች ማርክ ዊሊያምስ አገባ። የቡድኑ ተጫዋቾች የተቀላቀሉ ነበሩ፤ አምበሉ ኒል ቶቪ ነጭ ነው። ማንዴላ የቡድኑን ማልያ ለብሰው ነበር። ዋንጫውም በነጩ አምበል እጅ ከፍ አለ። በ1954 ዓ.ም. ሉቺያኖ በአዲስ አበባ፣ በ1988 ዓ.ም. ቶቪ በጆሃንስበርግ! ሁለቱም የቀድሞ ገዥ ዘር ያለባቸው፣ ሁለቱም የሁሉም ሕዝብ አምበል። ያ በ1949 ዓ.ም. በካርቱም የተዘጋው በር ባይዘጋ ኖሮ ይህኛው በር ይከፈት ነበር ወይ? እኛ አይመስለንም።

ውድ አንባብያን፣ ለመነሻ ጥያቄያችን ከዚህ ሕይወት የተማርነው ይህ ነው። ኳስ በራሷ አንድም አታደርግም፣ አትለያይም፤ ክብ ቆዳ ነች። በየወገን ተቧድነን ከገባንባት ጠባችንን ታጎላዋለች፤ ተቀላቅለን ከገባንባት ኅብረታችንን ታጎላዋለች። ማልያና ሰንደቅ ዓላማም እንዲሁ ናቸው። ሁሉም ሰው ውስጡ ሊገባበት የሚችል ማልያ የሁሉም ምልክት ይሆናል። ጥቂቱ ብቻ የሚለብሰው ማልያ ግን ቀለሙ ምንም ያህል ቢያምር ለሌላው የመገለል ምልክት ነው። አንድነት ከጨዋታው በኋላ የሚመጣ ሽልማት ሳይሆን ከጨዋታው በፊት፣ ቡድን ሲመረጥ የሚሠራ ሥራ ነው።

ነገ ደግሞ እኛው ነን ፊሽካ የምንይዘው። በምንመደብበት ትምህርት ቤት በጨርቅ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ይጠብቁናል። ልጆቹን ራሳችሁ ተመራረጡ ብለን ጥግ ላይ ከተቀመጥን፣ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚቀር ልጅ ይኖራል፤ አነጋገሩ ስለሚለይ ወይም ከሩቅ ስለመጣ የማይመረጥ። ያ ልጅ ስለ ሀገር አንድነት በመጽሐፍ የምናስተምረውን ሁሉ በሜዳው ላይ ባየው ነገር ይመዝነዋል። የአቶ ይድነቃቸው ታሪክ ከእኛ የሚጠይቀው ይህችን ታህል ነገር ነው፤ ቡድን ሲመረጥ ዓይናችንን አለመጨፈን።

ስለዚህ ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ የክፍል ለክፍል ውድድሩ ሲጀመር ቡድኖች በትውልድ አካባቢ መሆናቸው ይቅርና ስም በወረቀት ተጽፎ በባርኔጣ ውስጥ ተጨምሮ በእጣ ይውጣ። አምበሉንም የደረሰው ቡድን ራሱ ይምረጠው። ሁለተኛ፣ ባለፈው ወር ተሳድበን የተለያየነው ሁሉ ከጨዋታው በፊት በሜዳው መሀል ቆመን እንጨባበጥ። ቀድመን የምንወጣው እኛ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ነን፤ ከጮኹት መካከል እንደ ነበርን ተናግረናልና።

የተከበሩት የስፖርት መምህራችንም ይህን ጽሑፍ ቆመው ካነበቡ፣ ኪሳቸው ውስጥ ያለችውን ቁልፍ እንዲያስቧት በትሕትና እንለምናለን። ኳሷ ምንም አላጠፋችም፤ ጥፋቱ የእኛ ነው።

በሚቀጥለው እትም በሌላ ታሪክ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።